ዩስቱስ ፎን ሊቢግ፦ የአፈርን ሂሳብ ያስጀመሩት መምህር

ከዳባት እስከ ደባርቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምናየው የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ማሳ ነው። ገበሬው ክረምት ሲገባ ዩሪያ ይገዛል፤ ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ታዲያ ለአንድ ማሳ ስንት ይበቃል? ይህ ጥያቄ በግምት ሳይሆን በሂሳብ እንዲመለስ መንገድ ከከፈቱት ሰዎች አንዱ የጀርመኑ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ናቸው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊቢግ በ1803 ዳርምሽታት ከተማ ተወለዱ። በ1816፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከዓመት በፊት ኢንዶኔዢያ ውስጥ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ባስከተለው ብርድ አውሮፓ ሰብሏን አጣች፤ ረሀብም ሆነ። ውርጭ በአንድ ሌሊት ገብስ ሲያቃጥል ያየ የስሜን ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሊቢግ ፓሪስ ተምረው በ1824፣ በ21 ዓመታቸው፣ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ። እዚያም ተማሪው ቃል ከመሸምደድ ወጥቶ በቤተ ሙከራ በገዛ እጁ እየመዘነና እየለካ እንዲማር አደረጉ።

በ1840 ስለ ኬሚስትሪና እርሻ ባሳተሙት መጽሐፍ ተክል ምግቡን ከአፈር ማዕድንና ከአየር እንደሚያገኝ አስረዱ። ካርል ሽፕሬንግል ቀደም ብሎ የጻፈውን ሕግም በዓለም ያሳወቁት እሳቸው ናቸው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ምርቱን የሚወስነው ከሁሉም ያነሰው ምግብ ነው። ከሳንቃ የተሠራ በርሜል ውሃ የሚይዘው እስከ አጭሩ ሳንቃ ድረስ አይደለም እንዴ? ፎስፎረስ በጎደለው መሬት ላይ ዩሪያ ቢከምሩበት ምን ዋጋ አለው!

ነገር ግን ሊቅም ይሳሳታል። ሊቢግ ቆየት ብለው ሰብል የሚበቃውን ናይትሮጅን ከአየር ያገኛል አሉ። እንግሊዝ አገር ሮታምስተድ ላይ ከ1843 ጀምሮ ሎውስና ጊልበርት ስንዴ እየዘሩ፣ እየመዘኑ፣ ናይትሮጅን ሲጨመር ምርቱ እንደሚያድግ አሳዩ። ጊልበርት ራሱ ጊሰን ድረስ ሄዶ የተማረ የሊቢግ ደቀ መዝሙር ነበር! መምህሩ ግን በቀላሉ አልተረቱም፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ሊቢግ በ1873 ሙኒክ ላይ አረፉ።

ከእሳቸው በኋላ ሚቸርሊሽ የተባለ ጀርመናዊ በ1909 ሕጉን በሌላ ቀመር አሻሻለ፦ ማዳበሪያ በእኩል መጠን ሲጨመር ትርፉ እያነሰ ይሄዳል። እስቲ በምሳሌ እንየው። የመጀመሪያው ከረጢት 8 ኩንታል ቢጨምር፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 2 ይጨምራል እንበል። የተጨመረው እህል ዋጋ የከረጢቱን ዋጋ መሸፈን ሲያቅተው እዚያው ማቆም ነው።

በአገራችን ለብዙ ዓመታት በሰፊው ይመከር የነበረው በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው። ዳፕ ከመቶ 18፣ ዩሪያ ከመቶ 46 ናይትሮጅን ስላላቸው ድምሩ 64 ኪሎ ይሆናል። ሆኖም አምና ባቄላ የበቀለበት ማሳና ገብስ በገብስ ላይ የተዘራበት ማሳ አንድ አይደሉም፤ ባቄላ በሥሩ ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ናይትሮጅን ከአየር ይይዛልና።

እኛ ነገ ገጠር ገብተን የምናስተምር ነን። የገበሬ ልጅ ክፍልፋይና መቶኛ ሲማር የአባቱን ማሳ ያስላበት። ከሊቢግ ሕይወት ሁለት ነገር እንያዝ፦ ተማሪን እንዲለካ ማስተማር፣ ልኬቱ እኛኑ ሲያርመን ደግሞ መቀበል። የመጀመሪያውን እሳቸው አሳይተውናል፤ ሁለተኛው ከእኛ ይጠበቃል።