የሙታንን መዝገብ ለሕያዋን ጥቅም ያዋለች፦ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል (1820-1910)

የፍሎሬንስ ናይቲንጌል ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በሌሊት ፋኖስ ይዛ ቁስለኞችን የምትጎበኘውን አስታማሚ ነው። ይሁን እንጂ ከፋኖሷ ይልቅ ብዙ ሕይወት ያተረፈው የሙታንን ቁጥር መርምራ የጻፈችው ጽሑፍ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሎሬንስ በ1820 ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች በኢጣልያ ከተማ በፍሎሬንስ ተወለደች፤ ስሟንም ከከተማይቱ አገኘች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሒሳብ ትምህርት ትወድ ነበር። በ1837 እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት ተሰማት፤ ቤተሰቧ ግን በሽተኛ ማስታመምን ለክብራቸው የማይመጥን ሥራ አድርገው ስለቆጠሩት ብዙ ዓመት ተቃወሟት።

በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት 38 አስታማሚዎችን አስከትላ በቁስጥንጥንያ ማዶ ወደሚገኘው የእስኩታሪ ሆስፒታል እንድትሄድ አደረገ። ከእነዚህ መካከል 10ሩ ካቶሊካውያን ደናግል ነበሩ። የምሕረት እህቶች አለቃ የነበሩት እማሆይ ሜሪ ክሌር ሙር እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የቅርብ ወዳጅዋ ሆነው ኖረዋል።

ሆስፒታሉ የተሠራው በተደፈነ የቆሻሻ ቦይ ላይ ነበር። አስታማሚዎቹ ሌት ተቀን ቢደክሙም በየካቲት 1855 ሞት ከመቶ በሽተኞች ወደ 42 ደረሰ። በመጋቢት ከለንደን የተላኩ የንጽሕና ባለሙያዎች ቦዩን አጠቡ፣ ውኃውን አጠሩ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፣ ንጹሕ አየር እንዲገባ አደረጉ። በሰኔ የሟቾች ቁጥር ከመቶ ወደ 2 ወረደ።

ፍሎሬንስ በ1856 ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ዊልያም ፋር ከተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጋር የሟቾችን መዝገብ በጥንቃቄ መረመረች። አብዛኞቹ ወታደሮች የሞቱት በጦር ቁስል ሳይሆን ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ መሆኑን፣ የጥፋቱም ዋና ምክንያት ቆሻሻና የአየር እጦት መሆኑን አረጋገጠች። ግኝቱ እርሷ ራሷ የመራችውን ሆስፒታል የሚነካ ቢሆንም አልሸሸገችውም። ከዚህም አልፋ በሰላም ጊዜ እንኳ በእንግሊዝ የጦር ሰፈሮች የሚኖሩ ጐልማሶች በዕድሜ እኩዮቻቸው ከሆኑ ሲቪሎች በእጥፍ ገደማ እንደሚሞቱ አሳየች። ባለሥልጣናት ረጅም የቁጥር ሠንጠረዥ እንደማያነቡ ስለተረዳች የሞቱን ምክንያት በቀለም በተለየ ሥዕላዊ መግለጫ አቀረበችላቸው።

በ1857 የንጉሣዊ መርማሪ ጉባኤ ተቋቋመ። በውጤቱም የጦር ሰፈሮች ውኃ፣ ፍሳሽና የአየር መተላለፊያ ተሻሻለ፤ የሠራዊቱ የጤና ስታቲስቲክስ ተደራጀ፤ የሠራዊት ሕክምና ትምህርት ቤትም ተከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰፈሮቹ ሞት በእጅጉ ቀነሰ። ፍሎሬንስ በ1858 በለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች፤ በ1860 በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት መሠረተች። ሕመም አልጋ ላይ ቢያውላትም፣ ከሕንድ የጦር ሰፈሮች በመጠይቅ የተሰበሰበውን መረጃ እያጠናች ለንጽሕና መሻሻል መሟገቷን አላቋረጠችም።

በ1910 በ90 ዓመቷ አረፈች። በታላላቆች መቃብር እንድትቀበር ቢታሰብም ቤተሰቧ ይህን ሳይቀበል ቀርቶ፣ በገጠር ቤተ ክርስቲያን አጸድ በቀላል ሥርዓት ተቀበረች።

በሽተኛን ማጽናናት የምሕረት ሥራ ነው፤ ሰው ለምን እንደታመመና ለምን እንደሞተ በእውነት መዝግቦ ለሚመለከተው ማስረዳትም እንዲሁ። በየክሊኒኩ መዝገብ የሚጽፉ ወንድሞችና እህቶች ሥራቸውን እንደ ተራ ጽሕፈት እንዳያዩት የፍሎሬንስ ሕይወት ያስተምራል፤ አንድ መስመር በትክክል ሲጻፍ ገና ያልታመመውን ሊያድን ይችላልና።