ወይ እደግ፣ ወይ ልቀቅ

ፖል ክራቫት የሚለውን ስም ስትሰሙ አንገት ላይ የሚታሰረው ከረባት ትዝ ቢላችሁ አይፈረድባችሁም። ሰውየው ግን ጠበቃ ነው። ፊልም ላይ የምታዩትን ትልቅ የኒውዮርክ የሕግ ቢሮ አስቡት፤ ጀማሪው ጠበቃ እኩለ ሌሊት ድረስ ውል ሲያነብ፣ አለቃው ጠዋት መጥቶ በቀይ እስክሪብቶ ሲሰርዝበት። ያንን ቢሮ እንዲህ አድርጎ ያደራጀው ማን ነው ከተባለ መጀመሪያ የሚጠራው የዚህ ሰው ስም ነው። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በመካከል አንድ የእኛ አለች፣ ስትደርስ እነግራችኋለሁ።)

ክራቫት በ1861 ኦሃዮ ውስጥ በርሊን ሃይትስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የፈነዳበት ዓመት ነው። አባቱ ኢራስተስ ክራቫት ቄስ ነበሩ፣ ባርነት እንዲቀር የሚታገሉ ሰው። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ናሽቪል፣ ቴነሲ ወርደው ከባርነት ለወጡ ጥቁሮች ፊስክ የተባለውን ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። ከ1875 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዝነኛው ጥቁር ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ በ1888 የተመረቀው ከዚያው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ልጁ የአባቱን መስቀል አልያዘም። ኦበርሊን ኮሌጅ ተምሮ፣ ከዚያ ኮሎምቢያ ገብቶ ሕግ አጠና፤ በ1886 ሲጨርስ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ድምፁ የሚያስገመግም ጎረምሳ። ሥራ የጀመረው ዋልተር ካርተር የሚባል ጠበቃ ጋ ነው። ካርተር ጎበዝ ተመራቂ እያደነ የመቅጠር ልማድ ነበረው። ከዚያው ቢሮ የወጣው ቻርልስ ኢቫንስ ሂውዝ የኒውዮርክ ገዥ፣ ኋላም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኗል። ክራቫትና ሂውዝ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ ከካርተር ጋር ሸሪክ ሆነው ስማቸው አንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር።

ለክራቫት ትልቁ ዕድል የመጣው በአምፖል ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1880 ለአምፖሉ የፈጠራ መብት አውጥቷል። ተቀናቃኙ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ደግሞ አምፖል የሚሠራ ሌላ ኩባንያ ገዝቶ ገበያው ውስጥ ገባ። የኤዲሰን ሰዎች ከሰሱ። የዌስቲንግሃውስን ጉዳይ ከያዙት ጠበቆች አንዱ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ክራቫት ነበር። ተሸነፉ። በ1891 ፍርድ ቤቱ ለኤዲሰን ወገን ፈረደ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይግባኙም ጸና። ግን ክርክሩ ያን ያህል ዓመት በመጓተቱ ዌስቲንግሃውስ ፋታ አግኝቷል። ፍርዱ ሲጸና የመብቱ ዘመን ሊያበቃ የቀረው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። በ1893 የቺካጎን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ያበራው ራሱ ዌስቲንግሃውስ ነው፤ የኤዲሰንን መብት ላለመንካት መስታወቱ እንደ ጠርሙስ በክዳን የሚዘጋ ሌላ ዓይነት አምፖል አሠርቶ። ዛሬ የስልክ ኩባንያዎች በስክሪንና በቺፕ ሲካሰሱ የምታዩት ጨዋታ ያኔም ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ ክራቫት ከአምፖሉ ክስ አንድ ነገር ተምሯል። የኢንጂነር ምስክርነት፣ የላቦራቶሪ ማስታወሻ፣ የውል ክምር ያለበትን እንዲህ ያለ ጉዳይ አንድ ጠበቃ፣ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ብቻውን አይዘልቀውም። ሠራዊት ያስፈልገዋል።

በዚያ ዘመን ደግሞ ሠራዊት የሚባል ነገር አልነበረም። ሕግ መማር የፈለገ ወጣት ከአንድ ስመ ጥር ጠበቃ ቢሮ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ወረቀት ይገለብጣል፣ ፍርድ ቤት ይላላካል። ደመወዝ የለም፣ ካለም የቡና መጠጫ ናት። ትንሽ ደንበኛ ሲያገኝ ይወጣና የራሱን ቢሮ ይከፍታል። ክራቫት በ1899 ከ1819 ጀምሮ የነበረ አንድ ነባር የኒውዮርክ ቢሮ ውስጥ በሸሪክነት ገባ። በ1906 መሪ ሲሆን ይህን አሠራር ገለበጠው።

ከሃርቫርድ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከዬል ጥሩ ውጤት ያመጡትን ገና ሌላ ቦታ ሳይሠሩ ይቀጥራል። በቂ ደመወዝ ይከፍላል፤ በምትኩ የራስህ ደንበኛ የለህም፣ ጊዜህ በሙሉ የቢሮው ነው። ጀማሪው መጀመሪያ ከአንድ ሸሪክ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣል። ትልቁ ጉዳይ እንዴት ተቆራርጦ በትንንሽ እንደሚሠራ ያያል፤ ከዚያ አንዷ ቁራጭ ትሰጠዋለች። ሲለምድ ወደ ሌላው ሸሪክ ይዛወራል፤ ዛሬ የቦንድ ሰነድ፣ ነገ የኩባንያ ውህደት፣ ከነገ ወዲያ የከሰረ የባቡር ድርጅትን ዕዳ ማስተካከል። እነዚህ ናቸው የቢሮው እንጀራ፤ ኩን ሎብን የመሰለ የዎል ስትሪት ባንክ ለባቡር ሐዲድ ገንዘብ ሲያሰባስብ ሰነዱን የሚያዘጋጀው ይህ ቢሮ ነበር። ሸሪክ የሚሆነው ደግሞ ከውስጥ ያደገ ብቻ። ከዓመታት በኋላ ለሸሪክነት ያልተመረጠስ? ይሄዳል። በቃ። ወይ እደግ፣ ወይ ልቀቅ ነው።

ጭካኔ ይመስላል። ብልሃቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ቢሮው የሚሄደውን ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም፣ ባንክ ወይም ኩባንያ ውስጥ ቦታ ይፈልግለታል። ያ ሰው ነገ የኩባንያው የሕግ ኃላፊ ሲሆን ጉዳይ ይዞ ወዴት የሚመጣ ይመስላችኋል?

የእኛዋ ዓመት እነሆ። እዚህ አገር ጥብቅና ለረጅም ጊዜ የግለሰብ ሥራ ሆኖ ነው የኖረው። ጠበቆች ቢሮ ቢጋሩም ፈቃዱም ኃላፊነቱም የየራሳቸው ነበር። ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1249 የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ክራቫት ከመቶ ዓመት በፊት የተጋፈጠውን ጥያቄ፣ ጀማሪውን ማን ያሠለጥነዋል፣ ማንስ ይከፍለዋል የሚለውን፣ የእኛ አዳዲስ ድርጅቶች አሁን እየተጋፈጡት ነው።

ወደ ፊስክ ልመልሳችሁ። የክራቫት አሠራር በችሎታ መመልመል ነው ይባልለታል፤ ለባለጸጋ ልጅ ብቻ የተከፈተ በር እንዳልነበረም እውነት ነው። ግን በዚያ ዘመን የዎል ስትሪት ትልልቅ የሕግ ቢሮዎች ለጥቁርና ለሴት ዝግ ነበሩ፣ ለአይሁድም ቢሆን እጅግ ጠባብ። አባቱ ዕድሜያቸውን የሰጡላቸው የፊስክ ተመራቂዎች የቱንም ያህል ቢጎብዙ የልጁ ምልመላ አይደርሳቸውም ነበር። ክራቫት ፊስክን ረስቶት አይደለም፤ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲው የባለአደራ ቦርድ ሰብሳቢ ነበር። ይሁን እንጂ ነጩ ፕሬዚዳንት ፋየት ማኬንዚ የተማሪዎችን ማኅበርና ጋዜጣ ዘግተው፣ አለባበሳቸውን ሳይቀር ሲቆጣጠሩ ቦርዱ ከፕሬዚዳንቱ ጎን ቆመ። ዱ ቦይስ ለምረቃ ቀን ተጋብዞ እዚያው ፊት ለፊት ወቀሳቸው። በ1925 ተማሪዎቹ ትምህርት አቁመው አመጹ፣ ፖሊስ ገባ፣ በመጨረሻ ማኬንዚ ለቀቁ። የባርነት ተቃዋሚው ቄስ ልጅ፣ አባቱ ባቆሙት ግቢ ውስጥ ከተማሪዎቹ በተቃራኒ ተገኘ። ይህን የሕይወቱን ክፍል ስለ ቢሮው በሚጻፉ ታሪኮች ውስጥ እምብዛም አታገኙትም።

ከቢሮ ውጭ ያለው ሕይወቱም ቀላል አልነበረም። በ1892 ያገባት አግነስ ሀንቲንግተን ለንደንና ኒውዮርክ ያጨበጨቡላት የመድረክ ዘፋኝ ነበረች። ካገባች በኋላ መድረኩን ተወች። ቬራ የምትባል ልጅ ወለዱ፣ እያረጁ ሲሄዱ ግን ተለያይተው ኖሩ። የሚገርመው እሱ ራሱ ሙዚቃን አልለቀቀም፤ በ1930ዎቹ፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ቀውስ ስትንገዳገድ፣ የሜትሮፖሊታን ኦፔራን ይመራ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ በፊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ አውሮፓ ሄዶ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ልዑካን የሕግ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ሜዳሊያም ተሸልሟል።

ያሠለጠነው ቢሮ ያፈራቸውን ሰዎች ብቆጥር ገጹ አይበቃኝም። ሁለቱን ልጥቀስ፦ ዊልያም ዳግላስ ትንሽ ጊዜ ሠርቶ ወጣና በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ36 ዓመት በላይ ዳኛ ሆነ። ከድሃ ቤተሰብ የመጣው ጆን ማክሎይ ደግሞ ሸሪክ እስከ መሆን ደርሶ፣ በኋላ የዓለም ባንክ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ክራቫት በ1940 ሐምሌ መግቢያ ላይ በ78 ዓመቱ አረፈ። ቢሮው ክራቫት፣ ስዌይንና ሙር የሚለውን የዛሬ ስሙን የያዘው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የኒውዮርክ ጠበቆች እስካሁን የደመወዝ ደረጃቸውን የክራቫት ስኬል ይሉታል። በ2023 መጨረሻ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለተቀጠረ ጀማሪ በዓመት 225 ሺህ ዶላር ነበር። የእንቅልፉን ሰዓት ስኬሉ አይጠቅስም።