የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ጥቂት ወጣ ብለው በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ከትምህርት ቤት መልስ በሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። የዚያን ቡድን ማልያ ለብሰው 23 ዓመት የተጫወቱትን ሰው ታሪክ ግን ሁሉም አያውቀውም፤ ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ እንነግራቸዋለን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕንቍጣጣሽ ዕለት በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም አዋቂነታቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። የአባት ዝና ለልጅ ጌጥ ነው፤ ነገር ግን በተውሶ ጌጥ ዕድሜ ልክ አይኖርምና ልጅየው የራሳቸውን መንገድ ፈለጉ።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች በአራዳ አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቁመው ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። አቶ ይድነቃቸው ወደዚህ ቡድን ሲገቡ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ፋሽስቶችም ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር፣ በጨዋታም እንዳይገናኝ አዘዙ። አንድ ብላቴና በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ ስለ ቆዳው መልክ ተለይቶ መቆሙ እንዴት እንደሚያቃጥል አንባቢው ራሱ ይገምተው። ሆኖም አቶ ይድነቃቸው ኳሱንም ቡድኑንም አልተዉም።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ በከተማው የሚኖሩ አርመኖች አራራት፣ ግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ ኢጣሊያኖች ፎርቲቱዶ የሚባል ቡድን ነበራቸው፤ የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮንም የራሱን አሰለፈ። ለኢትዮጵያውያን የቆመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበረ። ትናንት የተከለከሉት ዛሬ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዳኛ ፊት ተጋጠሙ። ዋንጫውን ግን እንግሊዞቹ ወሰዱት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የአገሩ ሻምፒዮን የሆነው ገና በ1942 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ዘመን ኳስ ተጫዋች በእግሩ እንጀራ አይበላም ነበር። አቶ ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለዚህ አንድ ቡድን 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ግብ አግብተዋል። የጨዋታው ቁጥር ከዓመቱ ቀኖች ጋር ትክክል ነው፤ ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ቢያካፍለው በየስምንቱ ጨዋታ ሰባት ግብ ያህል ሆኖ ያገኘዋል።

ጨዋታውን ሳይተዉ በአስተዳደሩም ይደክሙ ነበር። በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በዚያው ጊዜ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አራት አገሮች ታስበው ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ እምቢ ስላለች ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ብቻ ተጫወቱ። በልጅነታቸው ያዩት ክልከላ በሌላ አገር ስም እንደገና ፊታቸው ቆመ ማለት ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበረ፤ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። ፋሽስት የለያየውን ደም አንድ ማልያ እንዲህ አድርጎ አገናኘው።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። የመጠጥና የሲጋራ ነጋዴዎች በአፍሪካ ጨዋታ ላይ ማስታወቂያቸውን እንዲያኖሩ አልወደዱም፤ ገንዘቡ ለድሀ ማኅበር የሚያጓጓ ቢሆንም። ከሁሉ ይልቅ የደከሙበት ግን የዘር ልዩነት ከሜዳ እንዲጠፋ ነው። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽንም በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተሰለፈበትን ቡድን ይዛ ወደ ሜዳ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።