ከመኳንንት ማዕድ ወደ ጾም ገበታ፤ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት

ባሕር ዳር ላይ ማለዳ በጣና ዳር የሚራመደው ከተሜ ስለ ኪሎው ማሰብ ከጀመረ ሰንብቷል፡፡ ቅቤና ሥጋ ቀንሶ በአንድ ወር ስንት ኪሎ እንደጣለ የሚያወራውም ጥቂት አይደለም፡፡ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ ማዕዷን እስከ ዕለተ ሞቷ የለወጠች ሴት ነበረች፡፡ የእርሷ ሚዛን ግን ሌላ ነው፡፡

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከባላባት ቤተሰብ ተወለደች፡፡ ከአፄ ሱስንዮስ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ የሆነውን መልክአ ክርስቶስን አገባች፡፡ በዚያ ዘመን የሹም ሚስት ማዕድ ሥጋ፣ ቅቤና ጠጅ የማይታጣበት ነበር፡፡ የሚፈጩትና ውኃ የሚቀዱት ገረዶች ናቸው፡፡ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሲሞቱባት በጾምና በጸሎት ተጠመደች፡፡

በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ፡፡ የባሏ እጅ እንዳለበት ስታውቅ ቤቷን ጥላ በ25 ዓመቷ መነኮሰች፡፡ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት፣ ረዥም ሰዓት የሚጾምበት ኑሮ ሆነ፡፡ በቤቷ ገረዶች ይሠሩት የነበረውን ሥራም በገዛ እጇ ያዘች፡፡

የዛሬ ሥነ ምግብ እንዲህ ያለው ለውጥ ሰውነትን ቶሎ እንደሚያከሳ ያስረዳል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚቀንሰው ግን በአብዛኛው ስብ አይደለም፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳርና አብሮት ያለው ውኃ ነው፡፡ ሽሮ፣ ምስርና አተር በበቂ ካልተበላ ቀጥሎ ጡንቻ ይሟሽሻል፡፡ ስለዚህ የመናኝ ገበታ ለጤና የሚቀዳ ምሳሌ አይደለም፡፡

እርሷም የፈለገችው ቅጥነትን አልነበረም፡፡ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበል ተቃወመች፤ ሕዝቡንም ቀሰቀሰች፡፡ በፍርድ ፊት ቀረበች፡፡ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ሊያሳምኗት ቢደክሙም አልሆነም፤ በሱዳን አቅጣጫ ወዳለው ዠበይ ለሦስት ዓመት ተጋዘች፡፡ የለመደችው ማዕድ የሚያስጨንቃት ብትሆን ኖሮ ግዞቱ ባንበረከካት ነበር፡፡

በ1632 ንጉሡ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፡፡ ወለተ ጴጥሮስም ከጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ወንዶችና ሴቶች ያሉባቸውን ማኅበራት መምራቷን ቀጠለች፤ ማኅበራቱ በሕይወት ዘመኗ ሰባት ደረሱ፡፡ ከኖረችባቸው ቦታዎች አንዱ ዘጌ ነው፤ በባህሉ በሬ የማይጠመድበት፣ ከብት የማይረባበት፣ ሰው በቡናና በጌሾ የሚተዳደርበት ልሳነ ምድር፡፡

ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1642) በ50 ዓመቷ አረፈች፡፡ ገድሏ ከ30 ዓመት በኋላ ተጻፈ፤ ከጣና በስተምሥራቅ ያለችው ቆራጣም እስከ ዛሬ በስሟ ትታወቃለች፡፡

ኪሎ ለመጣል ብቻ ገበታውን የለወጠ ሰው ኪሎው ሲቀንስለት ምክንያቱም አብሮ ያልቅበታል፡፡ ወለተ ጴጥሮስ 25 ዓመት የጸናችው ምክንያቷ ከሰውነቷ በላይ ስለነበር ነው፡፡