ይድነቃቸው ተሰማ፡ ጫማቸውን ሰቅለው በአንደበታቸው የተጫወቱት ሰው

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሪት ከተማ ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተጋጠሙ። ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም አገባች። አለቀልን ሲባል ግን በአስር ተጫዋች አዳነ ግርማ አስቆጥሮ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ያን ዕለት አገር ምድሩ በደስታ ሲጨፍር አንድ ነገር ብዙዎች ልብ አላሉትም። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ለመጀመሪያና እስካሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳችው ልክ የዛሬው ዕለት በዋለበት ቀን፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። የዚያን ቡድን አሰልጣኝ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎን እስክትተው ድረስ ከአፍሪካ ሜዳ ደጅ እንድትቆም ዕድሜ ልካቸውን የተሟገቱ ሰው ናቸው፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ።

የነጋድራስ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት በአዲስ ዓመት ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ስማቸው የገነነ፣ ወደ ጀርመን ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረፁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ልጅየው የአባታቸውን ዜማ ባይከተሉም አንደበታቸውን ግን ሳይወርሱ አልቀሩም። ይህ ውርስ የታየው ግን ዘግይቶ ነው። በፊት የሚናገረው እግራቸው ነበር።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና ጎረምሳ ነበሩ። ክለቡ ጥርስ ሳያወጣ ፋሽስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ኳስ ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀረ። በወረራው ዘመን ሐበሻ ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ መጫወት አይፈቀድለትም፤ ጥቁሩ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ነበር። የክለቡ ስም እንኳ ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። በዚያ አፍላ ዕድሜ ቆዳህ ጥቁር ነውና እዚህ ሜዳ አትገባም መባል ምን ማለት እንደሆነ ይድነቃቸው በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ኖረውታል። በኋላ በዓለም አደባባይ ላይ ያሳዩትን ግትርነት መረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ መነሳት አለበት።

ነፃነት ሲመለስ ሜዳውም ተከፈተ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የእንግሊዝ ጦር ተልዕኮ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ተፋለሙ። ትናንት ለብቻ ሲጫወት የነበረ ሐበሻ ዛሬ ከሁሉም ጋር ፊት ለፊት ገጠመ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ቢወስዱትም ትልቁ ነገር መግጠሙ ነበር።

ይድነቃቸው ለፈረሰኞቹ 23 ዓመት ተጫውተዋል። በስማቸው የተመዘገበው 365 ጨዋታና 318 ግብ ነው፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ለዛሬ አጥቂ በአንድ ክለብ 23 ዓመት መቆየት ተረት ይመስለዋል። ነገርየው ግን እሳቸው ተጫዋች ብቻ ሆነው አያውቁም፤ ማሊያ ለብሰው ኳስ እየገፉ በጎን ስፖርቱን የሚያደራጅ ቢሮ ውስጥ ይሠሩ ነበር።

ካርቱም ላይ

እ.ኤ.አ. የካቲት 1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ካርቱም ላይ ሲመሠረት ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ናቸው። ወዲያው ለሚጀመረው የመጀመሪያው አፍሪካ ዋንጫ የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ፍሬድ ፌል አገራቸው ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንደምትልክ አስታወቁ። የተቀላቀለ ቡድን አይታሰብም። የውቤ ሰፈሩ ልጅ ይህን ቋንቋ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ሦስቱ አገሮች አልተቀበሉትም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች።

በዚያ ምክንያት ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍፃሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነው። ሽንፈቱ መራራ ቢሆንም ካርቱም ላይ የተወሰነው ውሳኔ ከዋንጫው በላይ ዕድሜ ነበረው።

ጥር 13

ሦስተኛው አፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ይድነቃቸው ጫማቸውን ሰቅለው አሰልጣኝ ሆነዋል። ተካፋዮቹ አራት ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍፃሜ ስታልፍ የጠበቀቻት ያችው ግብፅ ነበረች።

ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ስታዲየም ግብፅ በባደዊ አማካይነት ቀድማ አገባች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ ቢያቻችልም ደስታው አንድ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አልቆየም፤ ባደዊ ደገመ። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሰዓቱን ሲያይ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አከሉ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው። ደቡብ አፍሪካ አይሆንም ያለችው ዓይነት የተቀላቀለ ቡድን አፍሪካን አሸነፈ ማለት ነው።

ከሜዳ ወደ ጉባኤ

ከዚያ በኋላ ያለው የይድነቃቸው ጨዋታ በአዳራሽ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) የሚዘወረው በእንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ነበር። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1961 ደቡብ አፍሪካን ቢያግድም ራውስ በ1963 እገዳው እንዲነሳ አደረጉ። አፍሪካውያኑ ዝም አላሉም። በቀጣዩ ዓመት ቶኪዮ ላይ በተካሄደው ጉባኤ ተባብረው እገዳውን መለሱት። ከተከራካሪዎቹ ፊት የቆሙት ይድነቃቸው ነበሩ።

ሌላው ፍልሚያ የዓለም ዋንጫ ቦታ ነው። ለ1966ቱ ውድድር ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በድምሩ አንድ ቦታ ብቻ ሰጠ። 16 ቡድን በሚካፈልበት ውድድር ይህ ንቀት ነው ብለው ይድነቃቸው ከጋናዊው ኦሄኔ ጃን ጋር ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ብዙዎች የሚጎዳው አፍሪካ ነው ብለው ነበር። ታዲያ ለ1970ው ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች።

እ.ኤ.አ. በ1972 ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። በ1974 የፊፋ ምርጫ ላይ የአፍሪካ ድምፅ ከራውስ ወደ ብራዚላዊው ዦአዎ አቬላንዥ ዞረ፤ ራውስ ወደቁ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። በ1982 የዓለም ዋንጫው 24 ቡድን ሲሆን የአፍሪካም ድርሻ ሁለት ሆነ። በእሳቸው ዘመን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫና የወጣቶች ሻምፒዮናም ተጀምረዋል።

የተከፈለ ዋጋ

እንዲህ ያለ አቋም ግን በነፃ አይገኝም። በዚያው በ1976 ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ደቡብ አፍሪካ ድረስ ልካ በማጫወቷ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያሉን ኦሊምፒክ ረግጠው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩፅ ይፍጠር ያን ጊዜ በጥሩ አቋም ላይ ነበር፤ ሁለቱን ወርቅ ለማግኘት ሞስኮን፣ አራት ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነበረበት። የመርሁ ዕዳ አንዳንዴ በአትሌቱ እግር ይከፈላል።

በካፍ ውስጥም ሰውየው ሁሉን አስደስተዋል ማለት አይደለም። የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያ ገንዘብ ወደ አፍሪካ ሜዳ እንዳይገባ አጥብቀው ተቃወሙ። አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ አውሮፓ የሚጫወት ተጫዋች እንዳያሰልፍ የሚከለክለውም ደንብ እስከ 1982 ድረስ ፀንቶ ቆየ። ለእሳቸው ነገሩ ግልፅ ነበር፤ ልጆቹን ለአውሮፓ ገበያ የሚሸጥ አህጉር የራሱን ሊግ ይቀብራል። ተቺዎች ደግሞ ካፍን ድሃ አደረጉት፣ ጊዜው ቀደማቸው አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ደንቡ ሊዘልቅ አይችልም ነበር፤ የፈሩት ግን ደርሷል። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ወጣቱ የእንግሊዝ ክለብ ማሊያ ለብሶ ቅዳሜን ቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋል፤ የአህጉሩ ምርጥ ተጫዋቾችም ማዶ ናቸው።

ሳያዩት የቀረው

ይድነቃቸው በካንሰር ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት ረትታ ዋንጫ ስታነሳ፣ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ አገር ሲያለቅስና ሲስቅ፣ እሳቸው አልነበሩም።

ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎውን ጥላ ወደ ካፍ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በ1996 ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾቿን ቀላቅላ አፍሪካ ዋንጫን አነሳች፤ በ2010 የዓለም ዋንጫን አዘጋጀች። በ1966 አፍሪካ ለብቻዋ አንድ ቦታ የተነፈገችበት ውድድር በ2026 ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ ሰጥቷታል።

ከ318ቱ ግቦች አንዱንም ያየ ሰው ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። በየጉባኤው የተሟገቱለት ግን አሁንም በየሜዳው ይታያል። ዋልያዎቹ ኔልስፕሪት ላይ በእንግድነት ገብተው ከጥቁርና ነጭ ተመልካች ፊት ሲጫወቱ፣ ያ ስታዲየም ለሁሉም ክፍት መሆኑ ለማንም አልደነቀውም። ለይድነቃቸው ከዚህ የሚበልጥ ሐውልት የለም።