የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ታሪክና ለሴት ሹም የሚገባው አጠራር



እንደሚታወቀው በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ሴት የሥራ ኃላፊዎችን ምን ብለን እንጥራ፣ በመዝገብስ እንዴት አድርገን እንጻፋቸው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። አንዳንዱ አባል ወይዘሮ ይበቃል አለ፤ ሌላው ክብርት ካልተባለ ክብር ጎደለ አለ፤ የቀረው ደግሞ ስማቸው ምን አነሰ ብሎ አለፈው። ነገሩ ሳይቋጭ አደረ። እኛም በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ የአንዲት ታላቅ ሴት የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ብናቀርብ ለክርክሩ ብርሃን ይሰጣል ብለን አሰብን። እኚህም ሴት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው።

ዘውዲቱ የተወለዱት በ1868 ዓ.ም ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። እናታቸው ግን የኛው የወሎ ባላባት ልጅ ነበሩ። እንግዲህ በእናታቸው በኩል የወሎ ሰው ናቸው ማለት ነው። ይህን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ ወሎና ዘውዲቱ በጦር ሜዳ ተለያይተው ስለሚገኙ ነው።

በዘመኑ የመኳንንት ልጅ ጋብቻ የሁለት ቤት ስምምነት ማሰሪያ ነበር። ዘውዲቱም ገና ሕፃን ሳሉ ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ራስ አርአያ በ1880 ዓ.ም ሞቱና ዘውዲቱ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሌላም ትዳር ይዘው ነበር፤ አልሰመረም። በመጨረሻ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ራስ ጉግሣ የበጌምድር ገዢ ሆኑ። ይህኛው ትዳር ጸና፤ ባልና ሚስቱም ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

አፄ ምኒልክ ለብዙ ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ዐረፉ። ሞታቸው ግን ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ቆየ። እኛ የቅሬ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ጥሩንባ ሳይነፋ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ለቅሶ ደራሽ ሳይመጣ አባትን መቅበር ከሐዘን ሁሉ የከፋ ሐዘን ነው። ለዘውዲቱ ይህ አልበቃ ብሎ፣ በአልጋው ላይ የነበሩት የእኅታቸው ልጅ ልጅ ኢያሱ ከከተማ አርቀው ወደ ፋሌ ላኳቸው። በዚያም በግዞት ዓይነት ኑሮ ጥቂት ዓመታት አሳለፉ።

ታዲያ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ጳጳሱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱና ዘውዲቱን በአልጋው ላይ አስቀመጡ። ራስ ተፈሪ መኮንን ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ።

የማዕረጉ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ኃይል የነበራቸው ሴቶች አልጠፉም። እቴጌ እሌኒ ነበሩ፤ የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ፤ በቅርቡም እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ሁሉም ግን እቴጌ ነበሩ። እቴጌ ማለት የንጉሥ ሚስት ስትሆን የሚሰጥ ክብር ነው። ጣይቱም በ1882 ዓ.ም እቴጌ የተባሉት ባለቤታቸው ከነገሡ በኋላ ነው። እቴጌነት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በባል በኩል ነበር።

ዘውዲቱ ግን አልጋውን ያገኙት በአባታቸው እንጂ በባላቸው አልነበረም። እቴጌ ቢባሉ የማን እቴጌ ይሆናሉ? ባላቸው ይንገሡ ማለት ነው። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥት ከሚለው ጥንታዊ ስም ንግሥተ ነገሥታት የሚል ማዕረግ ወጣላቸው። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም በአዲስ አበባ በዚሁ ስም ዘውድ ደፉ። በባል ላይ ያልተንጠለጠለ፣ በራሱ የቆመ የሴት ማዕረግ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን በነጻ አልተሰጣቸውም። መኳንንቱ ራስ ጉግሣ ሚስታቸውን ተከትለው ቤተ መንግሥት ቢገቡ የጣይቱ ወገን ዳግመኛ ይበረታል ብለው ሠጉ። በመሆኑም ባልና ሚስቱ እንዲለያዩ ተወሰነ። ራስ ጉግሣ ወደ በጌምድር ተመለሱ፤ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። መቼም ከወንዶቹ ነገሥታት መካከል ለመንገሥ ብሎ ሚስትህን ፍታ የተባለ አንድም አላስታወስንም።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ከወሎ ብዙ ሠራዊት ይዘው ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ገጠሙ። በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤልም ተሸነፉና ተማረኩ። ከወሎ ከሄደው ሠራዊት ወደ ቤቱ ሳይመለስ፣ አፈር እንኳ በወግ ሳይለብስ የቀረው ብዙ ነው። ስለዚህ ለዚህ አገር ሰው ዘውዲቱ የሚለው ስም ሲነሣ ሰገሌም አብሮ ይነሣል። ለአንዳንዱ ቤት መራራ ስም ነው።

ሆኖም ስለ እሳቸው ስንጽፍ ንግሥተ ነገሥታት ነው የምንላቸው። የማዕረግ አጠራር ለወደድነው ሰው የምንሰጠው ምርቃት፣ ለጠላነው የምንነፍገው ቅጣት አይደለም። የያዘው ሰው የኛ ወገን ሆነም አልሆነ፣ ወንድ ሆነም ሴት፣ ወንበሩ የሕዝብ ነው።

ዘውዲቱ የነገሡት 13 ዓመት ነው። የመንግሥቱ ሥራ ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ እንደራሴው ወደ ራስ ተፈሪ እጅ አለፈ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን አገሪቱ የምትታወቀው በንግሥቲቱ ስም ነበር፤ የውጭውን ጉዳይ የሚያካሂዱት ግን አልጋ ወራሹ ነበሩ። በ1920 ዓ.ም በወጡት የፖስታ ቴምብሮች ላይም የሁለቱም መልክ ይታያል፤ በአንዱ የእሳቸው፣ በሌላው የተፈሪ።

ንግሥቲቱ ልባቸው በይበልጥ ወደ ጾምና ጸሎት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥራም ያደላ ነበር። ከሠሩትም ሁሉ ለእኛ ለቅሬ አባላት የሚበልጠው የአባታቸው መቃብር ነው። በወጉ ያልተለቀሰላቸው አባታቸው የክብር ማረፊያ እንዲያገኙ በአዲስ አበባ የበዓታ ለማርያምን ሕንፃ አሠሩ፤ የአፄ ምኒልክ አፅምም እዚያ ዐረፈ። ዛሬ ዘውዲቱም እቴጌ ጣይቱም በዚያው አሉ። ሃይማኖታችን ቢለያይም፣ ሙት በወጉ መቀበር አለበት የሚለው ነገር ሁላችንንም የሚያስማማ ነው።

መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ለዘውዲቱ የቀረው ማዕረጉና ዙፋኑ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1922 ዓ.ም ራስ ጉግሣ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ተነሡ። በሰማይ አውሮፕላን መጣባቸው፤ መጀመሪያ ወረቀት ተበተነ፣ ቀጥሎ ቦምብ ወረደ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ወደቁ። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዐረፉ። በግድ የተለያዩት ባልና ሚስት በሁለት ቀን ልዩነት ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ንጉሥ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዘውድ ሲደፉ፣ ባለቤታቸው መነን እቴጌ ተባሉ። የቀድሞው ስም ተመለሰ። ንግሥተ ነገሥታት የሚለው ማዕረግ ግን ከዘውዲቱ ጋር ተቀበረ፤ ከዚያ ወዲህ የያዘው የለም።

ታሪኩ ይህን ይመስላል። ከዚህ ለኛ የሚተርፈው ቁም ነገር ምንድን ነው?

እቴጌ የሚለው ስም በባል ላይ የቆመ እንደነበር አይተናል። የኛስ የዕለት አጠራር ከዚህ ወጥቷል ወይ? ወይዘሮ ጥንት የትልቅ ሰው ልጅ የምትጠራበት ማዕረግ ነበር። በኋላ ባል ላገባች ሴት ሁሉ ሆነ፤ ላላገባችው ደግሞ ወይዘሪት ወጣላት። አቶ ግን አግብቶም ሳያገባም፣ ፈትቶም አቶ ነው። ስለዚህ አንዲት ሹም ስትመጣ ገና ሥራዋን ሳንሰማ አግብታ ይሆን ብለን የምናስበው ስም አወጣጣችን ራሱ ስለሚያስገድደን ነው። ወንዱን ማን ጠይቆት ያውቃል?

ይህ በከሚሴም የታየ ነው። አንድ ጊዜ ለስብሰባ የመጡ አንዲት ኃላፊ አብረዋቸው የነበሩት ወንዶች እያንዳንዳቸው በማዕረግ ሲተዋወቁ፣ እሳቸው በስማቸው ብቻ፣ ያውም በአንቺ ተጠሩ። ሴትዮዋ ምንም አላሉም። እኛ ግን አፈርን።

አገሩ ወደፊት ሄዷል እኮ። በ1950 ዓ.ም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በደርግ ጊዜ ጓድና ጓዲት ይባል ነበር፤ ያ ቢያንስ ስለ ጋብቻ አይጠይቅም። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም ደግሞ ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሆነው እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም ድረስ ክብርት ፕሬዝዳንት እየተባሉ አገለገሉ። ክቡር ለወንዱ፣ ክብርት ለሴቷ፤ ሁለቱም የወንበሩ ስም እንጂ የትዳር ስም አይደሉም።

ደግሞም ቋንቋችን ራሱ መንገዱን ያሳየናል። አንተና አንቺ ስንል ወንድና ሴት እንለያለን። አንቱ ወይም እርስዎ ስንል ግን ልዩነቱ ይጠፋል። እሳቸው መጡ ስንል የመጡት ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። በአፋን ኦሮሞም ለአክብሮት እሲን፣ እሳን ሲባል እንደዚሁ ነው። በሁለቱም የከተማችን ቋንቋዎች አክብሮት ሲገባ ጾታ ወደ ኋላ ይላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

በመሆኑም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሴት አባል በመዝገባችን ላይ የእገሌ ባለቤት ተብላ ሳይሆን በራስዋ ስም ትጻፍ። ሁለተኛ፣ በሹመት የመጣች ሴት ከወንዱ እኩል በሥራ ማዕረጓ ትጠራ፤ ክቡር በሚባልበት ቦታ ክብርት ትባል። ሦስተኛ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት ወይም አዴ መባልን የምትመርጠው እስዋ ስለሆነች፣ ካላወቅን በትሕትና እንጠይቃት። አራተኛ፣ በዕድሜ ብታንሰንም በስብሰባ ላይ አንቱ እንበላት፤ እቤታችን ስትመጣ ልጄ ማለት ይደርሳል።

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ማዕረጋቸውን ያገኙት ቤታቸው ፈርሶ ነው። ዛሬ ለአንዲት ሴት ሹም የሚገባትን ስም መስጠት እኛን ምንም አያስወጣንም፤ እስዋንም ምንም ሊያስከፍላት አይገባም እንላለን።

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ለሁላችንም ቸር ዓመት ያድርግልን።