ኩሎምብ፣ የማይታየውን ጉልበት የመዘነ መሐንዲስ

የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ የኩሎምብን ሕግ ያስታውሳል። እኔን ግን ከቀመሩ ይልቅ የሰውየው ሕይወት ይማርከኛል።

ሻርል ኦጉስተን ኩሎምብ እ.ኤ.አ. በ1736 በፈረንሣይዋ አንጉሌም ከተማ ተወለደ። የጦር መሐንዲስ ነበር። በ1764 ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተልኮ ምሽግ ሲያስገነባ ስምንት ዓመት ቆየ፤ ጤናውም እዚያው ተቃወሰ። በ1781 የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ።

በ1783 በብሪታኒ ግዛት የታቀደውን የቦይና የወደብ ሥራ እንዲገመግም ታዘዘ። ዕቅዱን የሚተች ሪፖርት አቀረበ። ጉዳዩ ከባለሥልጣናት ጋር አጋጨውና ለአንድ ሳምንት ታሰረ። ከዚህ የበለጠ የባለሙያን ኅሊና የሚፈትን ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ታላቅ ሥራውን ይፋ አደረገ። በቀጭን የብር ሽቦ ላይ ዘንግ አንጠልጥሎ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ኳስና ሌላ የቆመች ኳስ አንድ ዓይነት ቻርጅ ሰጣቸው። ኳሶቹ ተገፋፍተው በ36 ዲግሪ ተራራቁ። ሽቦውን ጠምዝዞ ወደ 18 ዲግሪ ሲያቀራርባቸው ጠቅላላው ጥምዘዛ 144 ዲግሪ ሆነ፤ የ36 አራት እጥፍ ማለት ነው። ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድጋል።

ይህ ለሁለት ቻርጆች ነው። ሦስተኛ ሲጨመርስ? እያንዳንዱ ሌላው እንደሌለ ሆኖ ይገፋል ወይም ይስባል። ጉልበቶቹ ግን እንደ ብር አይደመሩም፤ አቅጣጫ አላቸውና። አንድን ቻርጅ አንዱ በ3 ኒውተን ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው በ4 ኒውተን ወደ ሰሜን ቢገፉት ውጤቱ 7 ሳይሆን 5 ኒውተን ነው፤ 9 እና 16 ተደምረው 25፣ የ25 ካሬ ሥር ደግሞ 5 ነውና። ቻርጁም ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 53 ዲግሪ ያህል ባዘነበለ መስመር ይገፋል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢገፉት ኖሮ የሚተርፈው 1 ኒውተን ብቻ ነበር። ቬክተር የሚለው ስያሜ ለጉልበት የዋለው ከኩሎምብ ዘመን በኋላ ነው፤ ግንብ ሠሪው መሐንዲስ ግን የጉልበቶችን አደማመር አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በአብዮቱ ጊዜ፣ በ1793 አካዳሚው ሲዘጋ ወደ ገጠር ገለል አለ። ኋላም ከ1802 ጀምሮ የትምህርት ኢንስፔክተር ሆኖ ሠርቶ በ1806 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። በ1881 የዓለም የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጉባዔ የቻርጅ መለኪያውን በስሙ ሰየመው። እኔ በበኩሌ በዚያ ስም ውስጥ ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን ያንን ያሳሰረውን ሪፖርትም አያለሁ።